ሰባት ቁጥር ያልቆመ ዕለት

ኦቦ ጉርሜሳን ከሥራቸው ያስባረርኳቸው እኔ ነኝ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰበታ ውስጥ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቢሮ፣ እግሬ መሬት የማይደርስበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ክፍል ውስጥ ስሜን ስጠየቅ እንኳ የምርበተበት ልጅ ያን ቀን አንዲት ቃል ሳላዛንፍ አነበነብኩት። "እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው" ሲባል ስሰማ ዛሬም ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እወጣለሁ። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያኔ እንደገባኝ አድርጌ።

አባቴ ነጋዴ ነበር። ሲሞት ሱቁ ወደ ወንድሞቹ፣ እናቴ ሬሐና ደግሞ ወደ ፋብሪካ ሄደች። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አራት ቤተሰብ በተከራየው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችን። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትዬ ውባንቺ ነበረች። እሷም ሸማኔ ናት፤ ከእናቴ ጋር በአንድ ፈረቃ ይገባሉ፣ በአንድ ሰርቪስ ይመለሳሉ። ልጅ ስላልነበራት እኔን በግማሽ ወስዳኛለች። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ስትጎነጉነኝ ከራሷ ጸጉር የማይጠፋው የጥጥ ብናኝ እላዬ ላይ ይረግፋል።

ሽመና ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን አንድ ላይ ሲመታ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በከንፈር ነው የሚያወሩት፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ አፋቸውን አጉልተው እያንቀሳቀሱ። ልማዱ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። እናቴና እትዬ ውባንቺ አንዷ ልብስ እያሰጣች፣ አንዷ ሽንኩርት እየላጠች፣ ከግቢው ጫፍና ጫፍ አንድ ቃል ሳይሰማ ሲሳሳቁ፣ ሲኮራረፉ፣ ሲማከሩ ይውላሉ። የተከራዮቹ ልጆች ያበዱ ይመስላቸው ነበር። እኔ ደግሞ የሚደብቁት ነገር ያላቸው ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት እውነትም ነበራቸው።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ እናቴ አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በፌስታል ይዛ መጣች። መቀስ ሰጠችኝና "በትንሿ ጣትሽ ልክ እየለካሽ ቁረጪልኝ" አለችኝ። እኔ እቆርጣለሁ፤ እነሱ ቁራጩን ሁለት ላይ አጥፈው በነጭ ክር ይጠመጥሙታል። ሲጨርሱ እናቴ የራሷን ድርሻ "ቢስሚላህ" ብላ ደረቷ ውስጥ ከተተች። እትዬ ውባንቺም አማትባ የሷን ከተተች።

"እማዬ፣ ምንድነው?" አልኳት።

"ማሽኑ እንዳያስቸግረን ነው።"

"ምን ያደርጋችኋል?"

ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ውባንቺ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ እናቴም በከንፈር መለሰችላት። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። "ለዱርሲቱማ ጭራሽ!"

ዱርሲቱ በአንድ ዴስክ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ኦቦ ጉርሜሳ የሽመና ክፍሉ መካኒክ ናቸው። እና ነገሩን በልጅ ጭንቅላቴ አገጣጠምኩት። እናቴ የልጅነቷን ሂርዝ፣ ክታቧን፣ ትራሷ ውስጥ ሰፍታ ታኖረዋለች። የዳር ቤት ተከራዮቹ ሕፃንም አንገቱ ላይ በቆዳ የተሰፋ አለው። ከክፉ የሚጠብቅ፣ ቢስሚላህ ተብሎ የሚያዝ፣ ለሰው የማይነገር ነገር ሂርዝ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዚያ ወዲህ ጎማውን ስቆርጥ የማውቃትን አንዲት አጭር የቁርኣን ሱራ በልቤ እቀራ ጀመር። ሥራዬን በደንብ ነበር የምሠራው።

ኅዳር ላይ ትምህርት በተዘጋበት ቀን ዱርሲቱ አባቷን ለምና ለምና እኔንም ጨምረው ፋብሪካ አስገቡን። የሽመና ክፍሉ በር ሲከፈት ድምፁ ደረቴን መታኝ። ዱርሲቱ ለምዳዋለች መሰለኝ ጆሮዋን በጣቶቿ ደፍና ትስቃለች። አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ጥጡ አፍ ውስጥ ይገባል። ኦቦ ጉርሜሳ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ እየጮኹ አንዱን ማሽን አሳዩኝ። መወርወሪያው ሁለት ጫፉ ላይ ሹል ብረት የተገጠመለት እንጨት ነው፤ በድሩ መሃል ወዲያና ወዲህ ሲበር ዓይን አይከተለውም። ሆዱ ውስጥ ማጉ የተጠቀለለበት ቦቢን አለ። ከማሽኑ ጎን ደግሞ የሞሉ ቦቢኖች ዙሪያውን የተደረደሩበት ክብ ነገር ተገጥሟል።

"አሁን እዪ!" አሉኝ።

ክቡ ነገር አንድ እርምጃ ዞረ። መዶሻ የመሰለ ክንድ ከላይ ቷ! ብሎ የሞላውን ቦቢን መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ወሸቀው፤ ባዶው በሥር ወድቆ ቆርቆሮው ውስጥ ተንኳኳ። ማሽኑ ለአፍታ እንኳ አልቆመም። ማንም አልነካውም።

"ማን ነገረው?" ብዬ ጮህኩ።

"ራሱ ያውቃል!" ብለው ሳቁ። "ክሩ ሊያልቅ ሲል የምትዳስስለት ትንሽ ጣት አለችው።"

ቀጥለው ከሺህዎቹ የድር ክሮች አንዷን በጥፍራቸው በጠሱ። በየክሩ ላይ ስስ የብረት ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ የተበጠሰችው ክር ቅጠል ጠብ አለች፤ ያ ሁሉ ብረት ክው ብሎ ቆመ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ማሽን ብቻውን ዝም ሲል ያስፈራል። "አየሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? አንዲት ክር ስትበጠስ ራሱ ይቆማል" አሉኝ። የሚያባብሉኝ መስሏቸዋል። እኔ ግን ማሽኑ ጂኒ እንዳለበት አረጋገጥኩ፤ እናቴ ጎማውን ለምን እንደምትይዝም ይበልጥ ገባኝ።

እትዬ ውባንቺ የያዘቻቸው ማሽኖች ጋ ስንደርስ፣ ሰባት ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈበት ማሽን አጠገብ ቆሙ። እየመታ ነው። ጎንበስ ብለው ድሩን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ከሥር ሰደው ጥቁር ነገር መዘዙ። ሰባት ቁጥር ወዲያው ቆመ። የመዘዙት እኔ የቆረጥኩት ሂርዝ ነበር።

እትዬ ውባንቺ አንገቷን ደፋች። ኦቦ ጉርሜሳ ጎማውን ኪሳቸው ከተቱትና እኛን ይዘውን ወጡ። መንገድ ላይ ዱርሲቱ ስታወራኝ አልመለስኩላትም። "አባትሽ የሰው መጠበቂያ ይሰርቃሉ" ተብሎ ለጓደኛ እንዴት ይነገራል?

ዛሬ አንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ሽመና አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው። ቅጠሏ ስትወድቅ የሚንቀሳቀሰውን ዘንግ ትይዘዋለች፤ ዘንጉ ሲያዝ ማቆሚያው ይለቀቃል። ማቆሚያው ሥር ጎማ ከሸጎጣችሁ ግን ክር ቢበጠስም ማሽኑ ይቀጥላል። የዚያ ዓመት ጥጥ መጥፎ ስለነበር ድሩ በየደቂቃው ይበጠስ ነበር። አሥራ ሁለት ማሽን የያዘች ሴት አንዱን ቀጥላ ሳትጨርስ ሁለት ይቆሙባታል። የፈረቃውን የጨርቅ ሜትር ያልሞላች ሸማኔ ስሟ በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈች ትባረራለች። የእትዬ ውባንቺ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ሰሌዳውን የሚጽፈው ፎርማን እሸቴ፣ የእሷና የእናቴ ሜትር ድንገት ሞልቶ መገኘት ሲጀምር "እንዴት?" ብሎ አልጠየቀም።

ፋብሪካውን ካየን በኋላ በነበረው እሁድ ከሰዓት ኦቦ ጉርሜሳ ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። እትዬ ውባንቺ ከጓዳዋ ተጠርታ መጣች። እኔ አልጋውን ከሚጋርደው መጋረጃ ኋላ ሆኜ በቀዳዳ አያለሁ።

"ማሎ፣ እባክሽ ሬሐና፣ እኔ ለእናንተ ጠላት ነኝ?" አሉ።

"ኧረ በአላህ! ማን እንዲያ አለ?"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?" ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። "ይቁም! ሺህ ጊዜ ይቁም። እንዲቆም ተብሎ ነው የተሠራው።"

"ኦቦ ጉርሜሳ፣ እርስዎ ይቁም ይላሉ፤ ሲቆም የሚጻፈው የኔ ስም ነው" አለች እትዬ ውባንቺ። "ክሩን ያዩታል እኮ! ቀጥዬ ዞር ሳልል ይበጠሳል። ሦስተኛውን ከጻፈኝ የት ልግባ?"

"ለእሸቴ እኔ እነግረዋለሁ።"

"ነግረውት አልነበር? ምን አለዎት? 'ማሽኑ ይዙር' ነው ያለው።"

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። የተበጠሰው ክር ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጠላለፍ፣ መወርወሪያው ያን ሲነካ ከመንገዱ ወጥቶ እንደሚበር፣ ጫፉ ብረት እንደሆነ አስረዱ። ይሄን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ግን ልጅ የሚይዘው የጮኸውን ነው። እኔ የያዝኩት ጠረጴዛውን መትተው የተናገሩትን ነበር፦ "አንዳችሁ ዓይን ታጣላችሁ! ያን ጊዜ ጉርሜሳ አላለም እንዳትሉ!"

የትልቅ ሰው እርግማን እንደሚይዝ ማንም ሰበታ ያደገ ልጅ ያውቃል። መጋረጃውን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩ።

ከዚያ ያለውን ጎማ ሁሉ እንዲያመጡ አደረጉ። እናቴ ከደረቷም ከሳጥኑም አወጣች፤ እትዬ ውባንቺም ሄዳ አመጣች። ኦቦ ጉርሜሳ አፍሰው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። እናቴ "ወላሂ" ብላ፣ እትዬ ውባንቺ "በማርያም" ብላ፣ ዳግም እንደማይነኩት ማሉላቸው። ሲወጡ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው "ደህና ዋይ፣ ሚንሃ" አሉኝ። አልመለስኩም።

እትዬ ውባንቺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያስለቀሳት ስሟ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይጻፍ መፍራቷ ነበር፤ ለኔ ግን ጥበቃዋን ተነጥቃ፣ ተረግማም መሰለኝ። እናቴስ ትራሷ ውስጥ ሂርዝ አላት፣ እሷ ግን ምን አላት? አልጋ ሥር ስፈልግ የተረሳች አንዲት የጎማ ቁራጭ አገኘሁ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ በነጭ ክር ጠመጠምኩ፣ ሱራዬን ሦስት ጊዜ ቀራሁባት። ሰኞ ጠዋት እትዬ ውባንቺ በሯን እየቆለፈች ዘንቢሏን ከበራችን ምስማር ላይ ስትሰቅለው ከምሳ ዕቃዋ ሥር ሸጎጥኩላት። ትምህርት ቤት ስሄድ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልረሳውም፤ ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ማክሰኞ ሰርቪሱ ዘግይቶ መጣ። ሁልጊዜ ሴቶቹ ሲወርዱ ጩኸታቸው ከአስፋልቱ ይሰማል፤ ጆሯቸው ደንቁሮ ስለሚውል መንገድ ላይ እየጮኹ ነው የሚያወሩት። ያን ቀን አንድም ድምፅ አልነበረም። በከንፈርም አላወሩም። እናቴ ብቻዋን ገባች። ሽርጧ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

"እትዬ ውባንቺስ?"

"ሐኪም ቤት ናት" አለችና ትኩስ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ እጇን ከተተች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላወጣችውም።

መወርወሪያው ከሰባት ቁጥር ወጥቶ ነበር የመታት። ግራ ዓይኗን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለኔ የኦቦ ጉርሜሳ እርግማን የሠራባቸው ቀናት ናቸው። ዱርሲቱ አጠገብ መቀመጥ ፈራሁ፤ ዴስኩ ጫፍ ላይ ሄጄ በግማሽ መቀመጫዬ እውላለሁ። አንድ ቀን "ምን አደረግኩሽ?" አለችኝ። ዳቦዋን ከሁለት ቆርሳ ገሚሱን ዘረጋችልኝ። አልወሰድኩም።

እትዬ ውባንቺ ከአሥር ቀን በኋላ ፊቷ በግማሽ ተጠቅልሎ ተመለሰች። እናቴ ሾርባ ይዛላት ገባች፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ።

"ሬሐና" አለች እትዬ ውባንቺ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ። "ባንቺ ቂም የለኝም። ግን ለምን ላክሽልኝ?"

"ምኑን?"

"ጎማውን። ዘንቢሌ ውስጥ ሳገኘው እሷ ከጀመረች እኔስ ብዬ ነው እኮ ያስገባሁት። ብቻዬን ልቅር?"

እናቴ የሾርባውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረችና አየችኝ። የዚያን ጊዜ ፊቷን እስክሞት አልረሳውም።

ቤት ከገባን በኋላ በሩን ዘግታ ፊቴ ተንበረከከች። "ሚንሃ፣ አንቺ ነሽ?"

"እንዲጠብቃት ብዬ ነው" አልኳት። "አሳጥሬ ስለቆረጥኩት ነው አይደል?"

አፌን በመዳፏ ያዘችው። መዳፏ የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። "ይሄን ለማንም አትናገሪም" አለችኝ። "ለኔም ደግመሽ አትንገሪኝ።" እኔም የገባኝ ይሄው ነበር፤ ሂርዙን አሳንሼ ቆርጬዋለሁ፣ እርግማኑ አሸንፎታል።

ፎርማን እሸቴ ብስኩትና ብርቱካን ይዞ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። አቅፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። አፉ ፈገግ ይላል፤ ዓይኑ ግን እናቴ ላይ ነው። ፋብሪካው ማጣሪያ እያካሄደ እንደሆነ፣ ማሽኑ ላይ ምንም ባዕድ ነገር እንዳልተገኘ፣ ማቆሚያው ግን እንዳልሠራ ነገራት። "ጎማ ምናምን ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ውባንቺም ትወጣ ነበር፣ አንቺም፣ እኔም። አልተገኘም፤ ተመስገን ነው። እንግዲህ ማሽን ካልቆመ የማን ጥፋት ነው? የመካኒክ ነዋ!" አለ። ከዚያ ወደኔ ዝቅ ብሎ "ሚንሃዬ፣ ኦቦ ጉርሜሳ ቤታችሁ መጥተው ነበር አሉ። ተቆጡ?" አለኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ምን አሉ?"

ነገርኩት። እናቴ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። "ጎበዝ!" አለኝ። "ልክ እንደዚህ ብለሽ ትናገሪያለሽ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎችና አንድ ጸሐፊ ነበሩ። ኦቦ ጉርሜሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለች። እንዲህ አልኩ፦ "ኦቦ ጉርሜሳ ቤታችን መጥተው ጮኹ። አንዳችሁ ዓይን ታጣላችሁ አሉ። ያን ጊዜ ጉርሜሳ አላለም እንዳትሉ አሉ።"

"ብለሃል?" አለ መሃል የተቀመጠው ሰውዬ።

"ብያለሁ።"

"ለምን?"

ኦቦ ጉርሜሳ እናቴን አዩ። የእናቴ ጣቶች ትከሻዬ ውስጥ ገቡ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሊረግሙኝ መስሎኝ ሱራዬን ጀመርኩ።

"ማሽኑን ስለማውቀው ነው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ጸሐፊው ጻፈ። ችግሩን እያወቀ ያልጠገነ፣ ሠራተኞችንም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያስፈራራ መካኒክ። በሳምንቱ ተባረሩ። የሚኖሩበት ቤት የፋብሪካው ስለነበር እሱንም ለቀቁ። አንድ ሰኞ ዴስኩ ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ፤ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እትዬ ውባንቺ ታክማ ወደ ጨርቅ ማጠፊያ ክፍል ተዛወረች። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት ክፉ ሰው ያስያዝኩ ጀግና ነበርኩ፤ ብቻዬን፣ በልቤ።

የገባኝ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። አስተማሪያችን አሮጌ ማሽን አቁሞ፣ ማቆሚያውን እያሳየ፣ "አንዳንድ ሸማኔዎች እዚህ ጋ ጎማ ይሸጉጣሉ" አለና ኪሱ ውስጥ ካለ ጎማ ቆርጦ አሳየን። ከክፍል ወጥቼ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። በበዓሉ ቤት ስሄድ እናቴን ጠየቅኳት። ሩዝ እየለቀመች ነበር። "አንዳችሁን መምረጥ ነበረብኝ" አለችኝ ቀና ሳትል። "አንቺን፣ ወይ ውባንቺን፣ ወይ እሱን። ሆድ ይፍጀው፣ ሚንሃ። ተይው።"

ተውኩት። ሰባት ዓመት ተውኩት፤ ይሄም የኔ ነው፣ የእናቴ አይደለም። አምና፣ አሁን ወደምትኖርበት ፉሪ ሄጄ ለእትዬ ውባንቺ ተናዘዝኩ። ጡረታ ወጥታለች። ረጅም ጊዜ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። "እኔስ ሕክምናዬንም እንጀራዬንም በሱ ዝምታ አገኘሁ" አለችኝ። "ጉርሜሳ ምን አገኘ? እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? እሱ ጋ ሂጂ።"

ዘንድሮ ጥር ላይ ሄድኩ። ኦቦ ጉርሜሳ ተፍኪ ባለ ወፍጮ ቤት ወፍጮ ይጠግናሉ፤ ሽበታቸው ላይ ዱቄት ነበር። ስሜን ስነግራቸው የያዙትን መፍቻ አላስቀመጡም። ያኔ ለመናገር ያልተቸገርኩትን ያህል አሁን ምላሴ ተሳሰረ። እንደምንም አወጣሁት። ጎማውን የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ሂርዝ መስሎኝ ነው፣ እርስዎም የረገሙን መስሎኝ ነው አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ከየት?"

"እናትሽ ነግራኛለች። ከስብሰባው በፊት፣ ጠዋት ቤቴ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። 'ልጄ ናት' አለችኝ። እኔም ልጅ አለኝ። ጎማውንማ ቀድሜ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ ውባንቺን ተሸክመው ሲወጡ፤ ከተገኘ ያለ ምንም ካሳ ነበር የምትባረረው። እኔ ሙያ አለኝ፣ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል አልኩ።" መፍቻውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። "ዝም ይበሉልኝ አለችኝ፤ ዝም አልኩ። አንቺ መጥተሽ እንደምትናገሪብኝ ግን አልነገረችኝም።"

ወፍጮው ተነቅሎ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። የምቆምበት ጠፋኝ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔን ተይኝ!" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ያ የልጅነቴ እሁድ ላይ የሰማሁት ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን የሰማሁበት ቁጣ አልነበረም። "ዱርሲቱ ዓይን ያጠፋ ሰው ልጅ ተብላ ነው ያደገችው። እዚህም መጥተን ወሬው ቀድሞን ነበር። አንድ ቀን 'አባ፣ ለምን አልጠገንከውም?' አለችኝ። ምን ልበላት? ቃል ሰጥቻለሁ። ዛሬም ለበዓል ትመጣለች፤ ሰላም ብላኝ፣ ያመጣችውን አስቀምጣ ትሄዳለች። አብራኝ አትቀመጥም።"

ስልካቸውን አወጡ። ደወሉ። ዱርሲቱ ዱከም ውስጥ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የምሳ ሰዓት ነበር። በኦሮምኛ ሁለት ቃል ተናገሩና ስልኩን ወደኔ ዘረጉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ቆሙ።

"ማነው?" አለች ዱርሲቱ። ድምፅዋን አላወቅኩትም።

"ሚንሃ ነኝ። ሰበታ፣ ሦስተኛ ክፍል..."

"የሬሐና ልጅ?" ደነገጠች። "አባቴ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆኑም። ዱርሲቱ፣ አባትሽ ምንም አላጠፉም። ማሽኑ ደህና ነበር። እንዳይቆም ያደረገውን ነገር ለእትዬ ውባንቺ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አባትሽ ያውቁ ነበር፤ እኔን ላለማጋለጥ ነው ዝም ያሉት።"

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ስልኩን እንዳትዘጋው ፈራሁና፣ ነገሩ ከገባኝ ጀምሮ ለራሴ ስለው የኖርኩትን አልኳት።

"ልጅ ነበርኩ፣ ዱርሲቱ።"

"እኔም ልጅ ነበርኩ" አለችኝ።